ከጣና ዳር ስለ ወጡት ዐሥራ አንድ ጠገራ ብሮች

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በታሪክና በሳይንስ ክበብ አባሎች ስም የተነበበ ንግግር)



ለዚህ በዓል ከየክበቡ አንዳንድ ንግግር እንዲዘጋጅ በታዘዘ ጊዜ እኛ ብዙ ተከራከርን። ግማሾቻችን መሣሪያውን እንዴት እንደ ሠራነው ብቻ እንናገር፥ የቀረውን እንተወው አሉ። ሌሎቻችን ግን በዚህ አዳራሽ ከተቀመጡት መካከል ነገሩን የሚያውቁ ስላሉ፥ ጥፋታችንን ደብቀን ሥራችንን ብቻ ብንተርክ የባሰ እናፍራለን አልን። በመጨረሻ በድምፅ ብልጫ ሁሉም ይነገር ተባለ። ስለዚህ የምንናገረው ስለ አሮጌ ገንዘብ፥ ስለ ሐይቃችን ዳር፥ እንዲሁም ስለ ራሳችን ችኰላ ነው።

ጣና ከባሕር ወለል በላይ 1,786 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ የሚገኝ፥ ስፋቱም 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚያህል ሐይቅ ነው። ጥልቀቱ ግን እጅግ ቢበዛ ከ15 ሜትር አያልፍም። እንዲህ ሰፊና ዝርግ በመሆኑ፥ ውኃው ጥቂት ዝቅ ባለ ቍጥር ዳሩ ብዙ እርምጃ ወደ ውስጥ ይሸሻል። ክረምቱ ሲያልቅ በመስከረም ይሞላል፤ ከዚያ ወዲያ እየጐደለ ሄዶ በግንቦት መጨረሻና በሰኔ ከሁሉ ያንሳል። ዐባይ ከሐይቁ በሚወጣበት በጨረጨራ በ1988 ዓ.ም. ግድብ ከተሠራ፥ በ1993 ዓ.ም. ደግሞ የግድቡ በሮች ከ2 ወደ 7 ከፍ ካሉ ወዲህ፥ የውኃው መሙላትና መጕደል እንደ ዱሮው በዝናብ ብቻ የሚወሰን መሆኑ ቀርቷል። በ1995 ዓ.ም. ሐይቁ እጅግ ከመጕደሉ የተነሣ መርከቦች ለ4 ወር ያህል መጓዝ አቁመው ነበር፤ የሐይቅ ወለል በነበረውም መሬት ላይ እህል እንደ ተዘራበት ወላጆቻችን ያስታውሳሉ።

ዳሩን እንደ አጥር ሆኖ ይጠብቀው የነበረው ደንገል ነው። ዛሬ ደንገሉ በብዙ ቦታ ተመንጥሯል፤ እርሻውም እስከ ውኃው ጫፍ ደርሷል። በዚህ ላይ ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ እምቦጭ የሚባለው አረም በሰሜንና በምሥራቅ በኩል ያለውን ዳር ወርሶታል። እኛ ባለንበት በደቡቡ በኩል ደግሞ ነፋስ በተነሣ ቍጥር ማዕበሉ የአፈሩን እግር እየበላ ከላይ ያለውን ይንደዋል። ባለፈው ዓመት ቆመን የተነጋገርንበት ቦታ ዘንድሮ ውኃ ሆኖ አግኝተነዋል። እንግዲህ አፈር በተናደ ጊዜ በአፈሩ ውስጥ ያለው ነገር ሁሉ አብሮ ይወርዳል። በአክሱም አካባቢ ከዝናብ በኋላ ጥንታዊ የመዳብ ሳንቲም በእርሻ ላይ ተጥሎ እንደሚገኝ በክፍል ስለ ተማርን፥ በእኛም ሐይቅ ዳር እንዲህ ያለ ነገር ይገኝ ይሆን ወይ የሚል አሳብ መጣብን።

የታሪክ መምህራችን ግን ተስፋችንን በልክ እንድናደርግ ነገሩን። የአክሱም ነገሥታት እ.ኤ.አ. በ270 ገደማ ከነገሠው ከእንዱቢስ ጀምሮ እስከ 7ኛው ምዕት ዓመት ድረስ የወርቅ፥ የብርና የመዳብ ገንዘብ ይቀርጹ ነበር፤ ንጉሥ ኢዛና ክርስትናን ከተቀበለ በኋላ በገንዘቡ ላይ የነበረውን የጨረቃ ምልክት አስወግዶ መስቀል አድርጎበታል። ይህ ሁሉ ግን ከሞላ ጐደል የሰሜኑ አገር ገንዘብ ነው። ከዚያ በኋላ በአገራችን ለብዙ መቶ ዓመታት የራስ ገንዘብ ሳይቀረጽ ቀርቶ፥ አሞሌ ጨው፥ ጨርቅና ሚዛን ላይ የወጣ ወርቅ እንደ ገንዘብ ያገለግሉ ነበር። ስለዚህ በጣና ዳር አንድ ነገር ቢገኝ ጠገራ ብር ነው እንጂ የኢዛና ወርቅ አይሆንም አሉን። እንዳሉትም ሆነ።

ስለ ጠገራ ብር አያቶቻችሁን ብትጠይቁ ከእኛ የበለጠ ይነግሯችኋል። እኛ ያስደነቀንን ብቻ እንናገር። በብሩ ላይ የተቀረጸችው ሴት የኦስትሪያ ንግሥት ማርያ ቴሬዛ ናት። እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1780 ሞተች፤ ብሯ ግን አልሞተም። የአረብና የኢትዮጵያ ነጋዴዎች መልኳን ስለ ለመዱ ሌላ አንቀበልም በማለታቸው፥ ከሞተች በኋላ የተቀረጸው ሁሉ ያንኑ 1780 የሚለውን ዓመት እንደ ያዘ በቪየና፥ ኋላም በሮም፥ በለንደን፥ በፓሪስ፥ በብራስልስ፥ በቦምቤይ ሳይቀር ተቀርጿል። በቀይ ባሕር በኩል እየገባ ቡና፥ የዝሆን ጥርስ፥ ዝባድና ወርቅ ይገዛበት ነበር። የዘጌ ቡናም በዚሁ ብር ተሽጧል። ነጋዴው ብሩን ሲቀበል በትከሻዋ ላይ ያለውን የጌጥ ዕንቍ ይቈጥራል፤ ዘጠኝ ካልሆነ ወይም ከፈዘዘ ይመልሰዋል። በ1860 ዓ.ም. ወደ መቅደላ የዘመተው የእንግሊዝ ጦር እንኳ በመንገዱ ቀለብና አጋሰስ ለመግዛት ሌላ ገንዘብ እንደማይረዳው ዐውቆ፥ በሚሊዮን የሚቈጠር ጠገራ ብር በቪየና አስቀርጾ ይዞ መጥቷል። ዐፄ ምኒልክ በበኩላቸው ከ1887 ዓ.ም. ጀምሮ የራሳቸውን መልክና ባንዲራ የያዘውን አንበሳ ያለበትን ብር በፓሪስ አስቀረጹ፤ ነገር ግን ባላገሩ ለረዥም ጊዜ ማርትሬዛዋን እንደ መረጠ ኖረ።

ጣልያን በ1928 ዓ.ም. ጦርነት ከመክፈቱ በፊት የብሩን ማኅተም ከኦስትሪያ ወስዶ በሮም ያስቀርጽ ጀመር። አገሩን ከያዘ በኋላ ደግሞ ብሩን ሰብስቦ ሕዝቡ የወረቀት ሊሬ እንዲቀበል ፈለገ። ሕዝቡ ግን ወረቀቱን አላመነውም። ብሩን በገንቦ አድርጎ መሬት ውስጥ ቀበረው። ነፃነት ከተመለሰ በኋላ ሐምሌ 16 ቀን 1937 ዓ.ም. አዲሱ የኢትዮጵያ ገንዘብ ሲወጣ የጠገራ ብር ዘመን አበቃ፤ ከተቀበረውም ብዙው እየወጣ ወደ አንጥረኛ ሄዶ የአንገት መስቀልና አምባር ሆነ። ዛሬ በእናቶቻችን አንገት ላይ የምናየው መስቀል ሁሉ ቀድሞ ማርትሬዛ ሳይሆን አይቀርም እያልን በክበባችን እንቀልዳለን።

አሁን ወደ መሣሪያው እንምጣ። የፊዚክስ መምህራችን እንዳሳዩን ከአሮጌ ሬዲዮ፥ ከአንድ ትራንዚስተር፥ ከጥቂት ካፓሲተሮችና በክብ ጣውላ ላይ 20 ዙር ከተጠቀለለ የመዳብ ሽቦ ሠራነው። ጥቅሉ በሰከንድ በመቶ ሺህ የሚቈጠር ጊዜ የሚወዛወዝ ኤሌክትሪክ ያመነጫል። ሬዲዮው ይህን ውዝዋዜ ከአንድ ጣቢያ ሞገድ ጋር ደርቦ ሲቀበለው የሁለቱ ልዩነት እንደ ፉጨት ሆኖ ይሰማል። ጥቅሉ ወደ ብር ወይም ወደ መዳብ ሲቀርብ በዚያ ውስጥ ትንንሽ የኤሌክትሪክ ሽክርክሪቶች ስለሚነሡ የውዝዋዜው ፍጥነት ይለወጣል፤ ፉጨቱም ይቀጥናል ወይም ይወፍራል። ፈንጂ ጠራጊዎች የሚይዙት መሣሪያ ከዚህ እጅግ የረቀቀ ቢሆንም መሠረቱ ያው ነው። የእኛው አንድን ብር ከአንድ ስንዝር በታች ጠልቆ ከሆነ አያውቀውም።

ይህም ሆኖ በመጀመሪያዎቹ ቀናት መሣሪያው አሾፈብን። የባሕር ዳር አካባቢ ድንጋይ ከእሳተ ገሞራ የወጣ ጥቍር ድንጋይ ስለሆነ፥ በአሸዋው ውስጥ ማግኔት የሚስበው ጥቍር ደቃቅ ብረት አለበት። ጥቅሉን ወደ አሸዋው ዝቅ ባደረግን ቍጥር መሣሪያው አንድ ነገር ያገኘ ይመስል ይጮኻል። ኋላ ግን ጥቍሩ አሸዋ ፉጨቱን ወደ አንድ ወገን፥ ብር ደግሞ ወደ ሌላው ወገን እንደሚስበው ከእናታችን ሣጥን ተውሰን ባመጣነው አንድ ጠገራ ብር ሞክረን ዐወቅን። ከዚያ በኋላ ጥቅሉን ከመሬት እኩል ከፍታ ላይ ይዘን መሄድን ለመድን። በ5 ቅዳሜዎች ያገኘነው ይህ ነው፤ 62 የጠርሙስ ቆርኪ፥ 19 ሚስማር፥ 7 የመረብ እርሳስ፥ አንድ ማንኪያና የደርግ ዘመን ባለ 10 ሳንቲም። ቆርኪ ገንዘብ ቢሆን ኖሮ ትምህርት ቤታችን ዛሬ አዲስ ቤተ መጻሕፍት በሠራ ነበር።

መምህራችን ገና ስንጀምር አንድ ደንብ ሰጥተውን ነበር፤ ማዕበል አጥቦ በአሸዋ ላይ የጣለውን ብቻ አንሡ፥ የዳሩን ገደል ግን አትንኩ ብለውናል። ምክንያቱንም ነግረውናል። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ ዐዋጅ ቍጥር 209 ያለ ፈቃድ ቅርስ ፍለጋ መቈፈርን ይከለክላል፤ በአጋጣሚ ያገኘም ሰው ሳይዘገይ እንዲያስታውቅና እስኪረከቡት ድረስ እንዳለ እንዲጠብቅ ያዛል። ይህን ሁላችንም በደብተራችን ጽፈን ነበር።

በግንቦት ወር መጨረሻ ቅዳሜ መምህራችን ለቀብር ሄደው እኛ ብቻችንን ወጣን። ከከተማው በስተምዕራብ ባለው ዳር፥ ቦታውን ለይተን በማንናገረው አንድ ስፍራ፥ ቁመቱ ከወገብ በላይ የሆነ የተናደ ገደል አለ። መሣሪያው ወደ ገደሉ ፊት በቀረበ ጊዜ ከዚያ ቀደም ሰምተነው የማናውቀውን ድምፅ አሰማ። ማን እንደ ጀመረ አንናገርም፤ ሁላችንም ቈፍረናልና። አንዱ በአካፋ፥ ሌላው በእንጨት፥ ሌላውም በእጁ። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ አካፋው አንድ ነገር ሲሰብር ተሰማን። ትንሽ የሸክላ ገንቦ ነበረች። ገደሉ ከነገንቦዋ ተንዶ በእግራችን ሥር ውኃ ውስጥ ወረደ። ከዚያ በኋላ የሆነው መሻማት ነው። ከጭቃው ውስጥ እየዳሰስን እንደ ከሰል የጠቈሩ 11 ብሮች አወጣን። የቀረውን አፈር ሳናጣራ በእግራችን ወደ ሐይቁ ገፋነው። ከመካከላችን አንዱ አንዱን ብር በአመድና በሎሚ እስኪያብረቀርቅ አሸው።

በዚህ ጊዜ በአቅራቢያው የሚኖሩ አንዲት እናት ምርኵዛቸውን ይዘው መጡና፥

«ምን አወጣችሁ ልጆቼ?» ብለው ጠየቁን።

«ምንም የለም እማማ» አልናቸው። ብሮቹ በኪሳችን ነበሩ።

እሳቸው ግን የተናደውን ገደል ትክ ብለው ተመልክተው፥ «ዋርካው ከዚህ ነበር። ውኃው ወሰደው» አሉ። ከዚያም ወደ እኛ ዞረው፥ «ዐሥራ ሁለት ናቸው?» አሉን።

ማናችንም አልመለስንም። እሳቸውም በጣልያን ጊዜ አማታቸው 12 ጠገራ ብር ከዋርካው ሥር እንደ ቀበሩ፥ ኋላም ቦታውን ለይተው ሳያሳዩ እንደ ሞቱ፥ ልጆቻቸው ብዙ ጊዜ ፈልገው እንዳጡት ነገሩን። «አንዷ የምኒልክ ናት፤ እሷን ገበያ ላይ የሚቀበላት አጥታ ነው ከነዚያ ጋር ያኖረቻት» አሉ። እኛም ያወጣነውን ገና አጥርተን አላየነውም ነበር። ከኪሳችን አውጥተን በነጠላቸው ላይ አኖርንላቸው። ዐይናቸው ስለ ደከመ አንድ በአንድ በአውራ ጣታቸው እየዳሰሱ ቈጠሩ። ስምንተኛዋ ላይ ሲደርሱ ቆሙ። በንግሥቲቱ ፈንታ ዘውድ የደፋ ንጉሥ ያለባት እሷ ነበረች።

ቈጥረው ሲጨርሱ «አንዷ የለችም» አሉ፤ ቀና ብለውም አዩን። ሌቦች ናችሁ አላሉንም። እኛ ግን ሳንጠየቅ ኪሳችንን ሁሉ ገልብጠን አሳየናቸው። ቀድመን ምንም የለም ብለን ነበርና ኪሳችንን መገልበጣችን ምን ያህል እንደሚያሳምን እናንተው ፍረዱ።

ሰኞ ጧት ለመምህራችን ሁሉን ነገርናቸው። አልተቈጡንም፥ ይህም የባሰ ሆነብን። ጥቍር ሰሌዳው ላይ 1780 ብለው ጽፈው፥ «ይህ ብር መቼ ተቀረጸ?» ብለው ጠየቁን። ሁሉም ብር 1780 ስለሚል ከብሩ ላይ ማወቅ አይቻልም፤ በቪየና ከ100 ዓመት በፊት የተቀረጸውና ጣልያን በሮም ያስቀረጸው በጥቃቅን ምልክቶች ካልሆነ አይለዩም። ታዲያ መቼ እንደ ተቀበረ የሚነግረን ገንቦዋ፥ ገንቦዋ የተቀመጠችበት የአፈር ንብርብር፥ በአጠገቧ ያለው ዐመድና የቤት ፍርስራሽ ነበር። እኛ ይህን ሁሉ ውኃ ውስጥ ጨመርነው። የቀረን ምስክር አንድ ብቻ ነው፤ የምኒልኳ ብር 1889 ዓ.ም. የሚል ስላለባት ገንቦዋ ከዚያ ዓመት በፊት አለመቀበሯ ታውቋል። የእኒያ እናት ቃል ከዚህ ጋር ይስማማል፤ ነገር ግን ገደሉ ሳይነካ ቢቈይ ኖሮ ቃላቸውን አፈሩ ራሱ በመሰከረላቸው ነበር።

መምህራችን በትግራይ ስለሚገኘው ስለ ደብረ ዳሞም ነገሩን። በዚያ ገዳም እ.ኤ.አ. በ1940 ከአንድ መቶ የሚበልጡ የኩሻን ነገሥታት የወርቅ ሳንቲሞች ተገኝተው ነበር። ኩሻኖች በሰሜን ህንድና በዙሪያዋ የነገሡ ናቸው። እነዚያ ሳንቲሞች በአንድ የወርቅ ሠሪ ሱቅ ቢገኙ ኖሮ የህንድ ወርቅ ከመባል በቀር ሌላ የሚነግሩን ነገር ባልኖረ። በደብረ ዳሞ መገኘታቸው ስለ ተጻፈ ግን የአገራችንና የህንድ ንግድ ምን ያህል ጥንታዊ እንደ ሆነ ማስረጃ ሆነዋል።

ከዚያ በኋላ ብሮቹን በኬሚስትሪ ክፍል ሚዛን መዘንናቸው። አንድ ሙሉ ጠገራ ብር 28.07 ግራም ይመዝናል፤ ከዚህም ውስጥ 23.39 ግራሙ ንጹሕ ብር፥ የቀረው መዳብ ነው። የእኛዎቹ በእጅ ብዛት ስላለቁ ከዚህ ጥቂት ያንሳሉ። ከዚያ በክር አንጠልጥለን በውኃ ውስጥ መዘንናቸው፤ በአርኪሜዲስ ሕግ እንደ ተማርነው የዚህ ቅልቅል እፍጋት ከውኃ 10.2 ጊዜ ያህል መብለጥ አለበት። 11ዱም እውነተኛ ሆነው ተገኙ። በአመድ የታሸው ግን ፊቱ ተጭሮ የንግሥቲቱ ፀጕር ጠፍቷል። ጥቍረቱ ብሩ ከጭቃው ድኝ ጋር ተዋሕዶ የሠራው ሽፋን ስለ ነበር፥ እንዲያውም ብሩን ሲጠብቀው ኖሯል።

ዋናው ክርክር የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ከፊላችን ብሮቹ ለእኒያ እናት ይመለሱ፥ የአማታቸው ገንዘብ ነው አልን። ሌሎቹ ከመሬት የወጣ ቅርስ የመንግሥት ነው አሉ። አንዳንዶች ደግሞ፥ ይህን አሁን በግልጽ እንናገረዋለን፥ ብንሸጣቸው ለክበቡ ጥሩ መሣሪያ ይገዛል ብለው ነበር፤ አንድ ሰው ዋጋ ጠይቆ እስከ መመለስ ደርሷል። በመጨረሻ መምህራችንና እኒያ እናት ሁለት የአካባቢ ሽማግሌዎችን ይዘው፥ እኛም ተከትለን፥ ጉዳዩ ወደሚመለከተው የባህል መሥሪያ ቤት ሄድን። ቆፍረን ማውጣታችንንም ሳንደብቅ ተናገርን። እያንዳንዱ ብር ፎቶግራፍ ተነሥቶ ክብደቱ ተጻፈ፤ የእናቲቱም ቃል ተመዘገበ። ባለቤትነቱ ለማን እንደሚወሰን ይህ ንግግር እስከ ተዘጋጀበት ቀን ድረስ አልተነገረንም። ሕጉ ቅርስ በግለሰብ እጅ ሊሆን እንደሚችል ስለሚያውቅ እኒያ እናት ተስፋ አልቈረጡም።

ዐሥራ ሁለተኛዋ ግን አልተገኘችም። በሰኔ የመጀመሪያ ሳምንት፥ ይህን ጊዜ ከመምህራችን ጋር ሆነን፥ እማማም በበርጩማ ተቀምጠው እያዩን፥ ገደሉን ሳንነካ አሸዋውን ብቻ ለ3 ቀን ፈተሽን። ምናልባት ያን ዕለት ከአፈሩ ጋር ወደ ውኃው የገፋናት እሷ ናት፤ ምናልባትም አማታቸው ራሳቸው ለአንድ ችግር አውጥተዋት ይሆናል። «ልጆቼ፥ ለተዝካር አውጥታት ይሆናል፤ ተዉት» አሉን እማማ በሦስተኛው ቀን። ይህን ያሉት አምነውን ይሁን አዝነውልን እስከ ዛሬ እንከራከራለን። በማግሥቱ ዝናቡ ጀመረ፥ ሐይቁም መሙላት ጀመረ።

የገደሉን ቅርጽ በትዝታችን የሣልንበት ወረቀትና የገንቦዋ ስብርባሪዎች ፎቶግራፍ በበሩ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ ይገኛሉ። መሣሪያውም እዚያው አለ፤ መንካት ይፈቀዳል። ውኃው በመጪው ግንቦት ሲጐድል ወደዚያው አሸዋ ተመልሰን አሥራ ሁለተኛዋን እንፈልጋለን፤ እማማም በርጩማቸውን ይዘው እንደሚመጡ ቃል ገብተውልናል።